ከልጆች ጋር ወደ አማገር የባሕር ዳርቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰመር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ልጆቹን ባሕር ልወስዳቸው ነበር፣ የት ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። አንዳንዱ እዚሁ ኮፐንሀገን የሚኖር ነው። አንዳንዱ ከስዊድኗ ማልሞ ይሻገራል። ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣም አለ። የእኔ መልስ ግን አይለወጥም፦ አማገር ስትራንድፓርክ። ለእያንዳንዱ ሰው የድምፅ መልእክት ከምልክ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። እዚህ ባሕር ላይ አለቃው ነፋስ ነው። ከታች ካሉት መልሶች ግማሾቹ ዞረው ዞረው እሱ ጋ ይደርሳሉ።

የት ነው? እንዴትስ ይኬዳል?

ከኮፐንሀገን መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ አማገር በተባለችው ደሴት ላይ ነው። በነገራችን ላይ «አማገር» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ሰዉ ሲጠራው «አማ» ብሎ የቀረውን ይውጠዋል። መንገድ ስትጠይቁ ግራ እንዳትጋቡ።

ሜትሮ ያዙ። ኤም 2 የሚባለው ቢጫው መስመር ነው፤ ወደ አየር ማረፊያው የሚሄደው። ኦረሱንድ፣ አማገር ስትራንድ እና ፌምኦረን የሚባሉት ሦስቱ ጣቢያዎች ሁሉም ወደ ባሕሩ ያወጣሉ። መሐል ከተማ ካለው የኖረፖርት ጣቢያ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ከዚያ በእግር 5 ወይም 10 ደቂቃ ነው። ባቡሩ ሹፌር የለውም። ልጆች ይህን ካወቁ ከፊተኛው መስኮት አይነሱም፤ የእኛዎቹማ ግማሽ ደስታቸው እዚያው ያልቃል።

ከማልሞ ለምትመጡ መሐል ከተማ መድረስ አያስፈልግም። አየር ማረፊያው ላይ ውረዱና ሜትሮ ያዙ፤ ፌምኦረን ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ድንበር እንደምትሻገሩ አትርሱ። ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በእጃችሁ ይሁን።

መኪና ይዘን ብንመጣስ?

ትችላላችሁ፤ ግን በሞቃት ቅዳሜ መኪና ማቆሚያ ስትፈልጉ ፀሐዩ ያልቃል።

መግቢያ ይከፈላል?

አይከፈልም። መጸዳጃ ቤትም ሻወርም አለ።

ዴንማርክ ዙሪያዋን ባሕር ናት፤ ለምን እዚህ?

እውነት ነው፤ እዚህ አገር ከባሕር ከ52 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ቦታ የለም። ከአማገር የበለጠ የሚያምር ዳርቻም ሞልቷል፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ግን ሦስት ልጅ፣ አንድ ጋሪና ሁለት ዘንቢል ይዛችሁ ስትወጡ ውበት ብቻውን አይበቃም። ሜትሮው ጣቢያ ሊፍት አለው። ከጣቢያው እስከ አሸዋው መንገዱ አስፋልት ነው። ልጅ ቢታመም ወይም ዝናብ ቢመጣ በግማሽ ሰዓት ቤታችሁ ናችሁ።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት ውኃ አለ።

ሁለት ዓይነት ውኃ ማለት ምን ማለት ነው?

ቦታው ሰው ሠራሽ ነው። በዚህ አካባቢ የባሕር ዳርቻ የተከፈተው በ1934 ነው። ግን ውኃው በጣም ጥልቀት ስላልነበረው ለመዋኘት ሩቅ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ባሕሩ ላይ 2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የአሸዋ ደሴት ሠሩና በ2005 ለሕዝብ ከፈቱት። አሁን የአሸዋው ርዝመት ሁሉ ሲደመር 4.6 ኪሎ ሜትር ነው።

ወደ ደሴቱ በድልድይ ትሻገራላችሁ። ከደሴቱ ማዶ ያለው ክፍት ባሕር ነው፣ ኦረሱንድ። በደሴቱና በድሮው ዳርቻ መካከል ደግሞ ላጉን የሚባል የተኛ ውኃ ቀርቷል። ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያገባው ይሄ ላጉን ነው።

ልጄ መዋኘት አይችልም። የትኛው ጎን ይሻለዋል?

ላጉኑ፣ ያለ ምንም ጥርጥር። ማዕበል አይገባበትም። ዳር ዳሩ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚንቦጫረቅበት ነው። ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ይሞቃል። አልፎ አልፎ እግር ሥር የባሕር ሣር ወይም ጭቃ ያጋጥማል። ልጆቹ መጀመሪያ ይጸየፋሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭቃውን ራሳቸው ላይ ይቀቡታል።

ግን ላጉኑ ገንዳ አይደለም። መሐሉ ይጠልቃል። ዋናተኞች የሚለማመዱበት፣ ካያክ የሚቀዘፍበት ነው። በየዓመቱ በኦገስት የሚደረገው አይረንማን የተባለው የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድርም 3.8 ኪሎ ሜትሩን ዋና የሚዋኙት እዚሁ ነው። ስለዚህ «ጥልቀት የለውም» ብሎ ጀርባ መስጠት አይሆንም።

ክፍት ባሕሩ ጎን አሸዋው ያምራል፣ ውኃውም ይጠራል። ትልልቆቹ ልጆች እዚያ ነው የሚፈልጉት። እኛ ጠዋት ላጉን፣ ከሰዓት ባሕሩ ጋ እያልን እንከፍለዋለን።

በአየር የሚነፋ ፍላሚንጎ ገዝተናል። እናምጣው?

ለላጉኑ ዳር አምጡት። ለክፍት ባሕሩ ቤት ተዉት። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው።

የጁላይ ቀን ነበር። ከአሸዋ ጉብታው ጀርባ ቁጭ ብለን ነፋስ የሚባል አልተሰማንም። ባሕሩ ዝርግ ነው፣ እንደ ሳህን። ልጅቷ ፍላሚንጎዋ ላይ ተቀምጣ ከጉልበት በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ትጫወታለች። ወርዳ አሸዋ ልትቆፍር መጣች፣ ፍላሚንጎውን ትታው። እኔ ከፔርሙዙ ቡና ቀዳሁ። ክዳኑን አጥብቄ ቀና ስል ፍላሚንጎው ሠላሳ ሜትር ያህል ሄዷል። ልነሳ ስል ሃምሳ ሆነ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ የማንንም ጥሪ የማይሰማ፣ ወደ ስዊድን። አንድ ወጣት ሊከተለው ውኃ ውስጥ ሲገባ ነፍስ አድን ሠራተኛዋ በፉጨት መለሰችው። «ተወው፣ ማንም አይደርስበትም» አለች። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ እላዩ ላይ ነበረች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዴንማርክ ውስጥ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍሳል። ይህ ዳርቻ ደግሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ መጥቶ ወደ ባሕሩ ይገፋል። ዳር ላይ ስለሆናችሁ ማዕበል አታዩም፣ ጉብታው ስለጋረዳችሁም አይሰማችሁም። ውኃው ዝም ያለ ሲመስላችሁ ነው የሚያታልለው።

እኔ አሁን እንደደረስኩ የማደርገው አለ። አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ከፍ አድርጌ እለቃለሁ። ወደ ውኃው ከሄደ የሚነፋ ነገር ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። ወደ እኔ ከመጣ፣ ማለትም ነፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ፣ ማዕበልና የባሕር ሣር ይዞ ይመጣል። የሚነፋ ነገር ያን ቀንም ላጉን እንጂ ባሕሩ ላይ አይወጣም።

የሚነፋው ነገር ባዶውን ከሄደ አትከተሉት። የሚጠፋው የአንድ ፍላሚንጎ ዋጋ ብቻ ነው።

እኛ ወላጆቹ ራሳችን መዋኘት አንችልም። እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

ሂዱ። አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ሶደሬ ገንዳ ዳር የብረቱን መያዣ ሳንለቅ፣ ላንጋኖ እስከ ወገባችን ገብተን ተመልሰን ነው ያደግነው። እዚህ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ በትምህርት ቤት ዋና ይማሩና ይበልጡናል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ገንዳ ውስጥ 25 ሜትር ስለዋኘ ባሕር ይችላል ማለት አይደለም። ባሕር ውስጥ የሚያዝ ግድግዳ የለም፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል።

እናንተ ቆማችሁ ልትደርሱበት ከምትችሉት ቦታ ልጁ አይለፍ። ወገባችሁ ድረስ የምትገቡ ከሆነ ልጁ በእናንተና በአሸዋው መካከል ይጫወት። እናንተ የባሕሩ አጥር ሁኑ።

ሌላው የእኛ ችግር ብዛታችን ነው። ስንወጣ አምስት ቤተሰብ ሆነን ነው። ሁሉም «ልጆቹን እያየሁ ነው» ይላል። ሁሉም ያያል ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ውኃ የሚውጠው ልጅ ፊልም ላይ እንደምናየው አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰምጠው። ስለዚህ እኛ አንድ ቀይ ቆብ አለን። ቆቡን ያደረገ ሰው ለ20 ደቂቃ ዘበኛ ነው። ቡና አይጠጣም፣ ስልክ አያነሳም፣ ወሬ ውስጥ አይገባም። ሰዓቱ ሲደርስ ቆቡን ለሌላው በእጁ ያስረክባል። መጀመሪያ ላይ ተሳስቀንበታል። አሁን ቆቡ ከተረሳ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

የባንዲራዎቹ ትርጉም ምንድን ነው? አደጋ ቢደርስስ?

ቀይና ቢጫ ባንዲራ ከተሰቀለ ነፍስ አድን ሠራተኞች ሥራ ላይ ናቸው። ቀይ ብቻ ከሆነ ወደ ውኃው አትግቡ። ሠራተኞቹ በሰመር ቀን ቀን ይገኛሉ። ማማቸው አጠገብ መቀመጥ ነውር የለውም፣ እኔ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ። ልጅ ቢጠፋም መጀመሪያ ለእነሱ ንገሩ።

ለአደጋ 112 ነው፤ በእንግሊዝኛም ይመልሳሉ። የዴንማርክ ዳርቻዎች መግቢያ ላይ አንድ ፊደልና ሦስት ቁጥር ያለበት አረንጓዴ ሰሌዳ ታያላችሁ። እሱ የቦታው መለያ ነው። ስትደውሉ እሱን ብትነግሯቸው የት እንዳላችሁ ወዲያው ያውቃሉ። እንደደረሳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ውኃው አይቀዘቅዝም እንዴ?

ይቀዘቅዛል። ጅቡቲን ወይም ዱባይን ያየ ሰው እግሩን ነክሮ ይመለሳል። በጁን አጋማሽ ወደ 15 ዲግሪ ነው። በጁላይና በኦገስት ከ18 እስከ 20፣ በጣም ሲሞቅ ትንሽ ከዚያ በላይ። ባሕር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ቀስ ብሎም ነው የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ ያለው ውኃ በጁን መጀመሪያ ካለው ይሻላል፣ ፀሐዩ ቢቀንስም።

ልጆች ብርዱን አያምኑም። «አልበረደኝም» እያለ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ነጮቹ «ከንፈሩ ሰማያዊ ሲሆን አውጡት» ይላሉ፣ የእኛ ልጆች ላይ ይህ ቶሎ አይታይም። እኔ የማየው ጣቶቹን ነው። አካፋውን መያዝ ካቃተው ወጥቶ ይድረቅ። ደረቅ ልብስ፣ ወፍራም ፎጣና አንድ ፔርሙዝ ትኩስ ሻይ ከሌለ ቀኑ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ጄሊፊሽ አለ ይባላል። ይነድፋል?

ሁለት ዓይነት ነው የምታዩት። አንደኛው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መሐሉ ላይ አራት ክብ ነገር ያለበት ነው። ጉዳት የለውም፤ ልጆች በባልዲ ይሰበስቡታል። ሁለተኛው ቀላ ወይም ቢጫ ያለ፣ ከሥሩ ረጃጅም ክር የሚጎትት ነው። እሱ ያቃጥላል። ዴንማርክኛ ስሙ «ብራንድማንድ» ነው፤ ለእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚሉት ይህንኑ ቃል ነው። ልጆች ስሙን ሲሰሙ የእሳት አደጋ መኪናውን ይፈልጋሉ።

ከነደፈ በባሕሩ ውኃ እጠቡት፤ በቧንቧ ውኃ አይሁን። ክሩ ቆዳ ላይ ከቀረ በባንክ ካርድ ጠርዝ ፋቅ አድርጉት። ፎጣ አትሹበት። ሕመሙ ጥቂት ሰዓት ይቆያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። የመተንፈስ ችግር ወይም የፊት እብጠት ካለ ግን 112። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ወደ ዳር ብዙ ሆነው ይመጣሉ። ያን ቀን ላጉን ይሻላል።

ውኃው ንጹሕ ነው?

በአብዛኛው አዎ። ሁለት ቀን ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው ከከባድ ዝናብ በኋላ ነው። የከተማው ቱቦ ሲሞላ ፍሳሹ ወደ ባሕር ይወጣል። ጁላይ 2 ቀን 2011 ኮፐንሀገንን ያጥለቀለቀውን ዝናብ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛው ለብዙ ቀን ሞቆ ነፋስ ሲጠፋ ነው። ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይወጣል፣ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። ልጅ ከዋጠው ያመዋል። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ካለ አትከራከሩ። ሰሌዳ ባይኖርም ቁርጭምጭሚታችሁ ድረስ ገብታችሁ እግራችሁን ማየት ካቃታችሁ ያን ቀን አሸዋው ላይ ተጫወቱ።

ጥቁር ቆዳ ነው ያለን። የፀሐይ ክሬም ምን ያደርግልናል?

ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ዓመት የለም። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ይከላከላል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከኮፐንሀገን እጅግ ይበረታል፤ ከፍታውም ለምድር ወገብ ቅርበቱም አለ። ነገር ግን አዲስ አበባ ማንም ልብሱን አውልቆ አምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ አይተኛም። እዚህ ግን ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠላችሁን አታውቁም። ማታ ልጁ ትከሻውን ሲነኩት ይጮኻል።

የዴንማርክ ምክር አጭር ነው፦ በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 12 እስከ 15 ጥላ ሥር መሆን፣ ባርኔጣ ማድረግ፣ ክሬም መቀባት። ለትንንሾቹ እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ግዙላቸው፤ ክሬም ይዞ ልጅ ማሳደድ ይቀራል። የእኛን ቆዳ ነጭ አመድ የማያስመስል ክሬም አሁን በየመደብሩ አለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ሞክሩት።

ምን ይለበሳል? እኔ ሒጃብ አደርጋለሁ፤ ልጆቼም ራቁት ሰው እንዲያዩ አልፈልግም።

ሙሉ አካል የሚሸፍን የዋና ልብስ ለብሰው የሚዋኙ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ዞር ብሎ የሚያይም የለም። ራቁትነቱን በተመለከተ ልዋሽ አልችልም። ዴንማርካውያን ልብስ ሲቀይሩ አይሸሸጉም። ደረቷን ሳትሸፍን የምትተኛ ሴትም ልታጋጥማችሁ ትችላለች፤ ሕጉ አይከለክልም። የቤተሰብ ቦታ ስለሆነ ግን በብዛት አታዩትም። እኔ ለልጆቼ «እነሱ ባህላቸው ነው፣ እኛ ልብሳችንን እንለብሳለን» ብዬ አልፋለሁ። ጥያቄው ከእኔ ይልቅ እነሱን ያሳስባቸዋል ብዬ አስቤ ነበር፤ ምንም አልመሰላቸውም።

ዳርቻው ላይ ሄልጎላንድ የሚባል ባሕሩ ላይ በእንጨት የተሠራ መዋኛ አለ። ለሴት ብቻ፣ ለወንድ ብቻና ለሁለቱም ተብሎ የተከፈለ ነው። እዚያ ያለ ልብስ መዋኘት የተለመደ መሆኑን አውቃችሁ ግቡ።

ምን እንብላ? እንጀራ ይዘን ብንሄድስ?

እንጀራና አሸዋ አይዋደዱም። አንድ ጊዜ ትሪ ዘርግተን፣ ወጡን አውጥተን፣ ልጆቹ እየሮጡ መጡ። አንደኛው ኳስ ተከትሎ ከትሪው አጠገብ ታጠፈ። ያን ቀን የበላነው ዶሮ ወጥ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። እጅ መታጠቢያውም ሩቅ ነው። እንጀራ ካስፈለገ ቤት ጠቅልላችሁ፣ ጥቅሉን በፎይል አስራችሁ አምጡ፤ ደረቅ ጥብስ ይመረጣል፤ አልጫ ከሆነም ቀይ ስር ሳይሆን ድንች ያለው ይሁን። ቀይ ስር ነጭ ፎጣ ላይ ምን እንደሚሠራ አልናገርም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለባሕር ዳር የተፈጠሩ ናቸው።

ከኪዮስክ ከገዛችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። ቀዩ ቋሊማ በተለምዶ የአሳማ ነው። ክርስቲያንም ሆናችሁ ሙስሊም ጠይቁ። «ስቪን» ማለት አሳማ ነው፣ «ኪሊንግ» ዶሮ፣ «ኦክሰ» የበሬ።

አይስክሬሙ ግን ያስመሰግናል። ትልቅ ዋፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ይሞሉና «ጉፍ» የሚባል እንደ አረፋ ያለ ጣፋጭ ነገር ይደፉበታል። አራት ልጅ ይዞ ሰልፍ ላይ ለሚቆም ኪስ ይጎዳል። እኛ ለአንድ ቀን አንድ ብለን ቆርጠናል።

የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ዋናው የባሕር ወቅት ውስጥ ይገባል። ጾሙ የልጆችም ስለሆነ «አይስክሬምስ?» የሚል ለቅሶ አለ። ዘንግ ላይ ያለው የፍራፍሬ በረዶ ብዙውን ጊዜ ወተት የለበትም። ማሸጊያው ላይ «ሜልክ» የሚል ቃል ከሌለ ይሆናል።

የሚጣል የከሰል ምድጃ የምትጠቀሙ ከሆነ የተፈቀደበት ቦታ መሆኑን ሰሌዳው ላይ እዩ። ስትጨርሱ አሸዋ ውስጥ አትቅበሩት። አሸዋው ከላይ ቀዝቅዞ ከሥር ለረጅም ሰዓት ይፋጃል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል።

ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ አትጣሉ። መደብር ስትመልሱት ከ1 እስከ 3 ክሮነር ይከፈልበታል። ካልፈለጋችሁት ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውጪ አስቀምጡት፤ የሚሰበስብ ሰው ይወስደዋል።

የልጄ ሹሩባ በጨው ውኃ አይበላሽም?

የኦረሱንድ ውኃ ጨው ቀላል ነው። ከባልቲክ የሚመጣው ውኃ ስለሚቀላቀልበት ብዙ ጊዜ የውቅያኖስ ግማሽ ያህል እንኳ አይሞላም። ከመግባቷ በፊት ዘይት ቀቡላት፣ ስትወጣ ሻወሩ ጋ አለቅልቋት። የሚያስቸግረው አሸዋው ነው። ሹሩባው መሐል የገባ አሸዋ እስከ ሐሙስ ድረስ ትራስ ላይ ይረግፋል።

ልጆቹ ውኃው ቢሰለቻቸውስ?

ሸርጣን ማጥመድ! አንድ የልብስ መቆንጠጫ ረዥም ክር ላይ እሰሩ። ከዳር ዛጎል ልቀሙ፣ በድንጋይ ስበሩት፣ ሥጋውን መቆንጠጫው ላይ አድርጉ። ከድልድይ ወይም ከድንጋዮቹ አጠገብ ወደ ውኃው ልቀቁት። ሸርጣኑ በጥፍሩ ይይዘዋል፣ ስስታም ስለሆነ አይለቅም። ቀስ ብላችሁ ታወጡታላችሁ። የእኛው ትንሹ በአንድ ከሰዓት አስራ አንድ አወጣ፣ ለአስራ አንዱም ስም አወጣላቸው። ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ ስለሚሞቅ ቀይሩት፤ ስትሄዱ ወደ ባሕሩ መልሷቸው።

ለሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ባሕሩ ላይ የሚታይ ብዙ ነገር አለ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተሰልፈው የቆሙት 20 የነፋስ ተርባይኖች ሚድልግሩንደን ይባላሉ፣ ከ2000 ጀምሮ አሉ። በስተደቡብ የሚታየው የኦረሱንድ ድልድይ ነው። ልጄ «ድልድዩ ለምን መሐል ላይ አለቀ?» ብሎ ጠይቆኛል። እውነቱን ነው። ከስዊድን 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣና ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ወርዶ 4 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕር ሥር ዋሻ ይገባል። አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ረጃጅም የድልድይ ምሰሶ አውሮፕላኖቹን ያስቸግር ነበር፣ መርከቦችም ማለፊያ ይፈልጋሉ።

ወደ ካስትሩፕ፣ ማለትም ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ በእግር ከሄዳችሁ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የእንጨት መዋኛ ታገኛላችሁ። ሰዉ ቀንድ አውጣው ይለዋል፤ ስታዩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ውኃው ስለሚጠልቅ ለዋናተኛ ነው፣ ለሕፃን አይሆንም። ዝናብ ከመጣ ደግሞ በ2013 የተከፈተው ሰማያዊው ፕላኔት የተባለ የዓሣ ሙዚየም ካስትሩፕ ሜትሮ አጠገብ ነው። ውድ ነው፤ ከልጆች ጋር ግን ግማሽ ቀን ይሞላል።

ውሻ ይዘን መምጣት እንችላለን?

ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 በዴንማርክ ዳርቻዎች ውሻ መታሰር አለበት። ውሻ የሚፈራ ልጅ ላላችሁ ይህ የምሥራች ነው።

ጁን 23 ማታ እሳት አለ ይባላል፤ ምንድን ነው?

ሳንክት ሃንስ ይባላል፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ዋዜማ ነው። በየባሕር ዳሩ ትልቅ የእንጨት ክምር ያቃጥላሉ፣ ከላይ ከጨርቅ የተሠራች ጠንቋይ ያስቀምጣሉ። ደመራ የሚያውቅ ልጅ ክምሩን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ጠንቋይዋ ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ጃኬት ያዙ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 10 ሰዓት አካባቢ በፈረንጅ ስለሆነ ትንንሾቹ እስኪጨልም አይቆዩም።

ከአማገር ሌላ የት ትመክራለህ ወይም ትመክሪያለሽ?

ለአንድ ቀን ከሆነ ሆርንቤክ። በባቡር ሄልሲንገር፣ ከዚያ በትንሿ ባቡር። አሸዋው ነጭ ነው። አዳር ካሰባችሁ ፋልስተር ደሴት ላይ ያለው ማሪሊስት። በኖቬምበር 1872 ባሕሩ ደሴቱን ካጥለቀለቀው በኋላ የተሠራው የአፈር ግድብ ከአሸዋው ጀርባ አለ፤ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል። ቦርንሆልም ደሴት ላይ ያለው ዱኦደ ደግሞ አሸዋው እንደ ዱቄት ስለሆነ ድሮ የአሸዋ ሰዓት ይሞሉበት ነበር።

በምዕራብ በኩል ያለው የሰሜን ባሕር ሌላ ዓለም ነው። ሰፊ፣ የሚያምር፣ ረሞ ደሴት ላይ መኪና አሸዋው ድረስ የሚገባበት። ግን ማዕበሉ ከባድ ነው፣ ሰውን ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት አለው። መዋኘት ለማይችል ቤተሰብ እዚያ እግር መንከር ይበቃል። ስካገን በሚባለው የአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የምዕራቡና የምሥራቁ ባሕር የሚገናኙበት ቦታማ መዋኘት ጭራሽ ክልክል ነው።

ስንት ሰዓት እንሂድ? ስንት ሰዓትስ እንመለስ?

ጠዋት 10 ሰዓት በፈረንጅ ድረሱ፣ ቦታ ታገኛላችሁ። ወይም ሰዉ ሲመለስ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ ሂዱ። በጁላይ ብርሃኑ ስለማያልቅ ልጆቹ «ገና ቀን ነው!» እያሉ ይከራከራሉ። ሰማዩን አታሳዩአቸው፣ ሰዓቱን አሳዩአቸው። እኛ ቤት መውጫው የሚታወጀው በአይስክሬም ነው፦ ከውኃ የወጣ፣ የደረቀና ጫማውን ያደረገ ብቻ ይገዛለታል። ሜትሮው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ባልዲዎቹን አራግፉ። ትንሹ ኪሱ ውስጥ ሸርጣን እንዳልደበቀም እዩ።